ደብዳቤዎ የሚያድረው የት ነው?

በአገራችን ፖስተኛ ቤት ድረስ መጥቶ፥ በር አንኳኩቶ ደብዳቤ ሲያድል ማየት ብርቅ ነው። ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው የፖስታ ሣጥን ይከራያል፤ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል፤ ሣጥኑን ከፍቶ የመጣለትን ይወስዳል። መልስ ሲጽፍ ግን ፖስታውን በዚያው በራሱ ሣጥን ውስጥ አይከትም፤ ወደ ሌላ መስኮት ሄዶ፥ ቴምብር ለጥፎ ያስረክባል። ይህን ሥርዓት አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ «ኢሜይሌ ይገባል እንጂ አይወጣም» ብሎ ሲበሳጭ ባየሁ ቍጥር ይገርመኛል። ምክንያቱም ነገሩ ያው የፖስታ ቤቱ ነገር ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋራ ላወጋ የፈለግሁት በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ያለን የኢሜይል ፕሮግራም፥ ማለት እንደ ተንደርበርድና እንደ አውትሉክ ያለውን፥ በዩኒክስ ከሚሠራ የደብዳቤ ሰርቨር ጋራ ስለ ማስማማት ነው። «ይህ የባለሙያ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በራሱ ስም የኢሜይል አድራሻ ያለው ትምህርት ቤት፥ ማኅበር ወይም ትንሽ ድርጅት፥ ደብዳቤውን የሚቀበልለት ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ወይም ሌላ የዩኒክስ ዘመድ ነው። የብዙ ዓመት ደብዳቤም ሌባ ሳይገባ፥ እሳት ሳይነሣ ሊጠፋ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጥያቄ ሳትጠየቅ ከታለፈች ይበቃል። ጥያቄዋም «ደብዳቤዬ የሚያድረው የት ነው?» የምትለው ናት።

ነገሩ ከየት መጣ?

ዩኒክስ የተወለደው በ1969 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፥ በቤል ቤተ ሙከራ ነው። ጀማሪዎቹም ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ያገለግል ነበር። ሠራተኛው በየክፍሉ በተተከለ ተርሚናል ላይ ቢቀመጥም የሚጠቀምበት ያንኑ አንዱን መኪና ስለ ነበረ፥ ደብዳቤ መላክ ማለት በባልንጀራ ፋይል መጨረሻ ላይ ጽሑፍ መጨመር ማለት ነበር። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ ደብዳቤን በኔትወርክ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው አሻገረ፤ የሰውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየውን፥ ዛሬ «አት» የምንለውን ምልክት የመረጠም እርሱ ነው። በ1982 ደግሞ ጆን ፖስቴል ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበትን ደንብ ጽፎ አወጣ። ይህ ደንብ ኤስ ኤም ቲ ፒ ይባላል።

ችግሩ የመጣው በየጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች መቀመጥ ሲጀምሩ ነው። ትልቁ የዩኒክስ መኪና ሌት ከቀን ይሠራል፤ ትንሹ ግን ማታ ይጠፋል። በሌሊት የመጣ ደብዳቤ ተቀባይ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በዩኒክሱ ሰርቨር ዘንድ ተጠብቆ እየቆየ፥ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ከጠረጴዛው ሆኖ የሚጠይቅበት ሌላ ደንብ አስፈለገ። በ1984 ፖፕ የሚባለው ደንብ ወጣ። በ1986 ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ አይማፕ የሚባለውን ጀመረ። ዛሬም የምንጠቀምባቸው የእነዚሁ የሁለቱ ተከታዮች፥ ፖፕ 3 እና አይማፕ 4 ናቸው።

በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሠራተኞች

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። በእውነቱ ግን በውስጡ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው አመላላሹ ነው፤ ከዓለም የሚመጣውን ደብዳቤ ይቀበላል፥ እርስዎ የጻፉትንም ወደ ዓለም ይልካል። ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ኤሪክ ኦልማን በበርክሌይ የጻፈው ሴንድሜይል ነው፤ በ1998 ደግሞ ቪትሴ ቬኔማ የጻፈው ፖስትፊክስ ወጣ። ሁለተኛው የሣጥን ጠባቂው ነው፤ ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ጠይቆ ሣጥንዎን ይከፍትልዎታል። በዚህ ሥራ የታወቀው ቲሞ ሲራይነን የተባለ የፊንላንድ ሰው በ2002 ያወጣው ዶቭኮት ነው። የስሙ ትርጓሜ «የርግብ ቤት» ማለት ነው።

እንግዲህ «ይገባል እንጂ አይወጣም» የሚለው ስሞታ ሊገርመን አይገባም። ከሣጥን ጠባቂው ጋራ ተስማምተዋል፤ ከአመላላሹ ጋራ ግን ገና አልተዋወቁም። በፕሮግራሙ የማስተካከያ ገጽ ላይ የገቢ ሰርቨርና የወጪ ሰርቨር ተለያይተው የሚጠየቁትም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ የባሰ እንቆቅልሽም አለ። የይለፍ ቃሉ ይሠራል፤ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ሠራተኞች በሣጥኑ ቦታ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በዩኒክስ ዘንድ ደብዳቤ የሚከማችባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። በኤምቦክስ ደብዳቤው ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ተከታትሎ ይጻፋል፤ እያንዳንዱም «ፍሮም» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል። በሜይልዲር ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ይሆንና፥ አዲሱ ካልተከፈተው፥ የታየው ከታየው ጋራ በየክፍሉ ይቀመጣል። አመላላሹ ደብዳቤውን በኤምቦክስ እየጨመረ፥ ጠባቂው ሜይልዲሩን ቢከፍት፥ አንዱ በ12 ቍጥር ሣጥን ሲከት ሌላው 21ን እንደ መክፈት ነው። ደብዳቤው አልጠፋም፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሁለቱን በአንድ ቦታ ቢያስማማቸው ሁሉም ይገኛል።

ይዞ መሄድ ወይስ እዚያው ማንበብ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ፖፕ ማለት ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን ወደ ቤት ይዞ መሄድ ነው። አይማፕ ግን ደብዳቤውን እዚያው በሣጥኑ ትቶ፥ በተፈለገ ጊዜ ማንበብ ነው። በፖፕ ደብዳቤው በጠረጴዛዎ ላይ ያድራል፤ በአይማፕ በሰርቨሩ ያድራል። በፖፕ ውስጥ «ቅጂው በሰርቨሩ ይቅር» የሚል ምርጫ አለ፤ ሳይመረጥ ከቀረ ግን ሰርቨሩ ባዶውን ይቀራል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ፖፕ ለገቢ ደብዳቤ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፥ እርስዎ ጽፈው የላኳቸው ደብዳቤዎች ቅጂ የሚቀመጠው በእርስዎው ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ከማውቃቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ አንድ ሰኞ ጧት አልነሣም አለ። ፕሮግራሙ በፖፕ የተተከለ ነበር። የ6 ዓመት ደብዳቤ፥ የወላጆች ማመልከቻ፥ ለየዩኒቨርሲቲው የተጻፈ የተማሪዎች ማስረጃ፥ ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ከሰጡ ሰዎች ጋራ የተደረገ መጻጻፍ፥ ሁሉም አብሮ ሄደ። ሰርቨሩ ምንም አልሆነም፤ ሲከፍቱት ግን ከዓርብ ወዲህ የመጡ 4 ደብዳቤዎች ብቻ ተገኙበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪ ከውጭ አገር ሆና «በዚያን ጊዜ የጻፋችሁልኝን የድጋፍ ደብዳቤ እባካችሁ ድገሙልኝ፤ የማመልከቻው ቀን ሊያልፍብኝ ነው» ብላ ስትጽፍ፥ ጸሐፊዋ የምትመልስላት አጣች። ደብዳቤውን የጻፉት መምህር ጡረታ ወጥተዋል፤ ቅጂውም የለም።

ይህን በማለቴ ፖፕን ማጣጣሌ አይደለም። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ በተከፈተበት በ1997 አካባቢ ሰው ወደ መረቡ የሚገባው በስልክ መስመር እየደወለ ነበር። ያን ጊዜ ቶሎ ደውሎ፥ የመጣውን አውርዶ፥ ስልኩን ዘግቶ በዝግታ ማንበብ ብልኅነት ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው ደብዳቤውን ጧት በስልኩ፥ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር፥ ማታ በቤቱ ይከፍታል። ሦስቱም አንድ ሣጥን እንዲያዩ የሚያደርገው አይማፕ ነው።

ስድስት መስመር ያለባት ወረቀት

ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት የሰርቨሩን አስተዳዳሪ እነዚህን ስድስት ነገሮች በአንዲት ወረቀት ላይ ያስጽፉት።

1ኛ፦ የገቢው ሰርቨር ሙሉ ስም።
2ኛ፦ የገቢው ፖርት፥ ማለት የበሩ ቍጥር። ለአይማፕ 993፥ ለፖፕ 995 የተመሰጠሩ በሮች ናቸው። 143 እና 110 የሚባሉት የጥንቶቹ በሮች ናቸው፤ ምስጠራ ካልተጨመረባቸው የይለፍ ቃልዎ እንደ ተከፈተ ፖስታ በየመንገዱ ይነበባል።
3ኛ፦ የወጪው ሰርቨር ሙሉ ስም። ከገቢው ጋራ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።
4ኛ፦ የወጪው ፖርት፥ 465 ወይም 587። በ465 ምስጠራው ከመጀመሪያው ቃል ይጀምራል፤ በ587 ግን ሁለቱ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ «እንመስጥር» ተባብለው ይቀጥላሉ። የአንዱን ልማድ በሌላው በር ካዘዙት አይግባቡም። 25 የሚባለው በር ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ስለ ሆነ ለጠረጴዛ ፕሮግራም አይመረጥም።
5ኛ፦ የተጠቃሚ ስም። አንዱ ሰርቨር ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ይፈልጋል፤ ሌላው ከ«አት» ምልክት በፊት ያለውን ብቻ። ዩኒክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሚቈጥር፥ እንደ ተሰጠዎት አድርገው ይጻፉት።
6ኛ፦ የፎልደሮቹ መነሻ። ይህችን ከዚህ በታች እገልጻታለሁ።

የይለፍ ቃሉን ግን በወረቀቷ ላይ አይጻፉት።

ሰርቨሩ እንቢ ሲል

ሰርቨር ሲቈጣ በቍጥር ይናገራል። ቍጥሩን ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን መድኃኒት አግኝቷል። ከወጪው ሰርቨር 250 የሚል መልስ ቢመጣ «እሺ» ማለት ነው። 535 ቢል «ስምህን ወይም የይለፍ ቃልህን አልተቀበልሁም» ማለቱ ነው። 550 ወይም 554 ብሎ «ሪሌይ» የሚል ቃል ቢጨምር፥ «ማን እንደ ሆንህ ሳትነግረኝ ለውጭ ሰው ደብዳቤ አላደርስልህም» ማለቱ ነው። ዱሮ ሰርቨሮች የማንንም ደብዳቤ ተቀብለው ያደርሱ ነበር፤ የማይፈለግ የንግድ ደብዳቤ የሚበትኑ ሰዎች ደግነታቸውን መጫወቻ ቢያደርጉት ጊዜ በሩ ተዘጋ። ስለዚህ በወጪው ሰርቨር ማስተካከያ ላይ «ይህ ሰርቨር መታወቂያ ይጠይቃል» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ «የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት አያምነኝም» ቢል ቶሎ ብለው «ግድ የለም» አይበሉ። በመጀመሪያ የጻፉት የሰርቨር ስም በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ጋራ አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ቀጥሎ ቀኑ አልፎ እንደ ሆነ ይዩ። ብዙ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት የሌትስ ኢንክሪፕት የምስክር ወረቀት ከ90 ቀን አይበልጥምና በየጊዜው ይታደሳል፤ አዲሱ ወረቀት ወጥቶ ሳለ ዶቭኮት እንደገና እንዲያነበው ካልታዘዘ ግን ያንኑ አሮጌውን ሲያሳይ ይገኛል። ደግሞም በ2021 የቀድሞዎቹ የምስጠራ ዐይነቶች ቲ ኤል ኤስ 1.0 እና 1.1 በይፋ ተሽረዋል፤ ስለዚህ ያረጀ ፕሮግራም የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ በአዲስ ሰርቨር ዘንድ ላይገባ ይችላል። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ማደስ እንጂ የሰርቨሩን ምስጠራ ማላላት አይደለም።

አሁን ስለ ስድስተኛዋ መስመር። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የቀድሞው የአይማፕ ሰርቨር ደብዳቤዎን ብቻ ሳይሆን በዩኒክሱ ላይ ያለዎትን ፋይል ሁሉ እንደ ደብዳቤ ማኅደር አድርጎ የማሳየት ጠባይ ነበረው። ሰውየው ፕሮግራሙን ሲከፍት የገዛ ፋይሎቹ ሁሉ ይዘረገፉበታል። መፍትሔው «መነሻህ ሜይል የተባለው ማኅደር ይሁን» ብሎ በማስተካከያው ገጽ መጻፍ ነበር። ኩሪየር የሚባለው ሰርቨር ደግሞ ማኅደሮችን ሁሉ በገቢ ሣጥኑ ሥር ያደራጃቸዋል። እንዲሁም አንዱ ፕሮግራም የተላኩትን «ሴንት» በተባለ ማኅደር፥ ሌላው «ሴንት አይተምስ» በተባለ ቢያስቀምጥ፥ የላኩት ደብዳቤ በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል። ሁለቱም ፕሮግራሞች አንዱን ማኅደር እንዲጠቀሙ ማዘዝ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ፥ ስሞታዎን ለአስተዳዳሪው ሲያቀርቡ «አልሠራ አለኝ» ብቻ አይበሉ፤ የሞከሩበትን ሰዓት ይንገሩት። ዩኒክስ ያደረገውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋልና ሰዓቱ ከታወቀ ምክንያቱ በቶሎ ይገኛል። ዳሩ ግን እኛ ከጧቱ 4 ሰዓት የምንለውን መዝገቡ 10 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋል፤ ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚሄድ ከሆነም 7 ሰዓት ይላል። ይህን ካልተነጋገሩ አስተዳዳሪው የሌላ ሰው ስሞታ ሲመረምር ይውላል።

የፊደላችን ነገር

«በአማርኛ የጻፍሁት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ» የሚል ስሞታም እሰማለሁ። የኢሜይል ደንብ ሲወጣ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር፤ ጠቅላላው ምልክት ከ128 አይበልጥም። በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የሚባለውን ደንብ አወጡ፤ በዚህም ማናቸውም ጽሑፍና ሥዕል በእንግሊዝኛ ፊደላት ተጠቅልሎ መሄድ ቻለ። በዚያው ዓመት ኬን ቶምፕሰን፥ ያ የዩኒክሱ ሰው፥ ከሮብ ፓይክ ጋራ ሆኖ ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለውን አጻጻፍ ፈለሰፈ። የእኛ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩ ቲ ኤፍ 8 የ3 ባይት ቦታ ይይዛል፤ ማይም ቤዝ 64 በሚባለው አሠራር ሲጠቀልለውም 4 የእንግሊዝኛ ምልክት ይሆናል። «ሰላም» ብለው ቢልኩ በመንገድ ላይ የሚጓዘው 12 ምልክት ነው፤ ሲደርስ እንደገና ሦስት ፊደል ይሆናል።

ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ የወጪ ጽሑፍ አጻጻፍ ዩ ቲ ኤፍ 8 መሆኑን ያረጋግጡ። የደረሰዎት ደብዳቤ ትርጉም የሌለው የተዘበራረቀ ፊደል ቢሆን፥ አጻጻፉን ለውጠው ሲያዩት ብዙ ጊዜ ይነበባል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከተላከ ግን ፊደሉ በላኪው ዘንድ ቀርቷልና እንደገና እንዲልክልዎ ይጠይቁት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አይማፕ ደብዳቤውን በሰርቨሩ ያሳድራል እንጂ ዋስ አይሆነውም። በጠረጴዛዎ ላይ ያጠፉት ደብዳቤ ከሰርቨሩም፥ ከስልክዎም ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ቢበላሽም ሁሉም በአንድነት ይጐዳሉ። በመሆኑም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የማኅደሮችዎን ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ዲስኩንም ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አያኑሩት።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ ነገ መሥሪያ ቤትዎ ሲገቡ የኢሜይል ፕሮግራምዎን የማስተካከያ ገጽ ይክፈቱና በገቢው ሰርቨር ፊት ለፊት የተጻፈችውን ቃል ይመልከቱ። አይማፕ የምትል ከሆነች ቅጂ ለማስቀመጥ ቀን ይቍረጡ። ፖፕ የምትል ከሆነች ግን ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የዓመታቱን ደብዳቤ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪውን ጠርተው ወደ አይማፕ ያዛውሩት። የዚያች የቀድሞ ተማሪ ዐይነት ጥያቄ በእርስዎም ዘንድ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።